ማርጋሪቴን የገደላት ውሃ ነው

ዛሬ ብሶቴን ላውጣ። ሦስተኛዋ ማርጋሪቴም ሞተች። ዙሪያዋ ነጭ፣ መሃሏ ቢጫ የሆነችውን አበባ ነው የምላችሁ፤ አዲስ አበባ መንገድ ዳር በጥቁር ላስቲክ የምትሸጠዋን። ደርቃ እንዳይመስላችሁ። ውሃ በዝቶባት ነው የሞተችው።

ሚያዝያ ላይ ስገዛት ሻጩን ጠይቄው ነበር። «ምንም አታስቸግርም፣ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጫት» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔም አመንኩት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ለቤት ካጠራቀምኩት ላይ እየቀነስኩ በጀሪካን አጠጣኋት። ቅጠሏ ቢጫ ሲሆን ጠምቷት ነው ብዬ ጨመርኩላት። ከዚያ የሐምሌ ዝናብ መጣ።

የግቢያችን አፈር መረሬ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል። ውሃ ከገባበት አይለቅም። ባለፈው ሳምንት ከግንዷ ይዤ ሳብ ባደርጋት ዝም ብላ ተነቅላ መጣች። ሥሯ ቡናማ ሆኖ ላሽቋል። በጣቴ ስነካው ላዩ ተልጦ ወለቀና ውስጡ ክር የመሰለ ነገር ብቻ ቀረ። ሽታው የረጋ ቦይ ሽታ ነው። አንጀቴ እርር አለ።

ይህች አበባ የካናሪ ደሴቶች ልጅ ናት። ድንጋያማ፣ ውሃ ቶሎ የሚያሳልፍ መሬት ነው የለመደችው። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ትፈልጋለች። ውሃ የሚያስፈልጋት ደግሞ ጣት ወደ አፈሩ ሰደድ ሲያደርጉት ላዩ ደርቆ ሲገኝ ነው። መሬቱ መረሬ ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጎ አሸዋና ኮምፖስት መቀላቀል ነው። ይህን ለመናገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ውርጭ በሚበረታበት አገር ብርዱን ስለማትችለው በየዓመቱ እንደ አዲስ ይተክሏታል። እኛ ጋ ግን አየሩ ተመችቷት ሁለት ሦስት ዓመት መቆየት ትችል ነበር። በሦስት ወር ገደልናት!

ከርሷ በፊት የነበረችውንም የቀበርኳት በምክር ነው። «ከሥር ቁረጫት፣ ታቆጠቁጣለች» ተባልኩ። እንጨት የሆነው አሮጌ ግንድ እኮ ከተቆረጠ መልሶ ማቆጥቆጡ ዘበት ነው። የጠወለገውን አበባ እየቀነጠሱ፣ ለምለሙን ጫፍ ብቻ መከርከም ነበር የሚበጃት።

ሻጮቹ ፀሐይና ዝናብ ላይ ቆመው የሚውሉ ሰዎች ናቸው፣ አልጣላቸውም። ግን ችግኙን ያፈላው ሰው ይህን ሁሉ ያውቃል። ለምንድን ነው እኛ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚቀረው? ስንቱ ሰው ነው «እጄ ለአበባ አይሆንም» ብሎ የተወው?

ከሞተችው ላይ ያልጠወለጉ አራት ቀንበጦች አግኝቻለሁ። የታች ቅጠላቸውን አራግፌ፣ ሥሩን በበሳሁት ሃይላንድ ውስጥ አሸዋ አብዝቼ ሰክቻቸዋለሁ። ሁለቱ ደርቀዋል። ሁለቱ እስከ ዛሬ ጠዋት ቆመዋል። ችግኝ የምትሸጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ነገ ለምትመጣዋ ገዢ እባካችሁ «ውሃ አታብዢባት» በሏት።