ትርፍ ጊዜ፣ ትርፍ አንጀት

«ትርፍ» ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። ለነጋዴ ሲነገር ፊት ያበራል። ለአንጀት ሲነገር ሆድ ያስይዛል። ትርፍ ጊዜ የሚባለውስ ከየትኛው ወገን ነው? ለንደን ሄጄ በቴምስ ወንዝ ላይ በጀልባ እስክንሸራሸር ድረስ ይህን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የወሰደችኝ የአጎቴ ልጅ ናት። በ6 ዓመት ስለምትበልጠኝ እታለም እላታለሁ። ለንደን 16 ዓመት ኖራለች። ቴምስን ግን የምታውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ እሱንም እንቅልፍ ካልወሰዳት። ጀልባው ላይ ወጥታ አታውቅም። እንግዳ እስኪመጣባት ድረስ ማን አስታውሷት!

ጀልባው የሚነሳው ከዌስትሚኒስተር፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ግሪኒች ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። (ሰዓቱን በኛ፣ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። በእታለም ስልክ 11 ይላል። ቀኑን ሙሉ ስድስት ስደምርና ስቀንስ ስለዋልኩ እናንተን በዚያ አላደክምም።) እኔ የገባኝ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ጀልባ ላይ መውጣት፣ መቀመጥ፣ ማየት፣ መውረድ ነው። እታለም የገባት ሌላ ነው። ስልኳ ላይ ስትጽፍ አምሽታ ጠዋት አሳየችኝ። ሽርሽሯ መሀል ላይ ተጋድማለች። ፊቷም ኋላዋም በደቂቃ ተሸንሽኗል።

«ከጀልባው በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ትርፍ አለን» አለችኝ።

«ለምን አንተኛበትም?»

«አንተ ልጅ፣ ለመተኛት ነው እዚህ ድረስ የመጣኸው?»

መልስ ነበረኝ። ግን ወንዝ የሚያሻግር አልነበረም።

3 ሰዓት ተኩል ላይ ዌስትሚኒስተር ደረስን። መጀመሪያ ቢግ ቤን። ሁላችንም ማማውን ቢግ ቤን እንለዋለን እንጂ ስሙ የውስጡ ትልቁ ደወል ነው። ማማው ከ2012 ወዲህ ኤልሳቤጥ ታወር ይባላል። ይህን ስነግራት እታለም «ደወሉ ይታያል?» አለች። አይታይም። «በቃ ማማውን አንሳኝ።» 8 ደቂቃ ተመድቦለት ነበር፤ በ5 ጨረስን። የቀሩትን 3 ደቂቃዎች ወደሚቀጥለው መስመር ስታዛውር በዓይኔ አየሁ።

ከወንዙ ማዶ ለንደን አይ የሚሉት ግዙፍ መንኮራኩር ይሽከረከራል። ቁመቱ 135 ሜትር ነው፤ አንዱን ዙር በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። ሰው የሚቀመጥባቸው ክፍሎች 32 ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን 33 ላይ ያልቃል። 13ን ፈርተው ዘለሏት። ሰልፉን ሳየው እኔም ሙሉውን መንኮራኩር ዘለልኩት። እታለም ቅር አላት። «ግማሽ ሰዓት ይሞላልን ነበር እኮ!» ጊዜን የምታየው እንደ ጆንያ ነው። አፉ ድረስ ካልሞላ አይሰፋም።

ስለዚህ ጆንያው እንዲሞላ በወንዙ ዳር ወደ ክሊዮፓትራ መርፌ ተጓዝን። ከግብፅ የመጣ፣ 3,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የድንጋይ ሐውልት ነው። ከክሊዮፓትራ ጋር ዝምድና የለውም፤ እሷ ስትወለድ እሱ ከተጠረበ ከ1,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1878 ለንደን ላይ ሲተክሉት ከሥሩ ለመጪው ትውልድ ዕቃ ቀበሩ። ሳንቲም፣ የፀጉር ሽቦ፣ የሕፃን ጡጦ፣ ምላጭ፣ ሲጋር፣ ጋዜጣ፣ የባቡር መነሻና መድረሻ ሰዓት የያዘ መጽሐፍ። በዚያ ላይ በዘመኑ ቆንጆ የተባሉ የ12 እንግሊዛውያት ፎቶ። ቆንጆዎቹስ ይሁኑ። የባቡሩ ሰዓት ለማን ነው? ቆፍሮ የሚያወጣው ሰው ምን ያህል ቢሮጥ ነው የሚደርስበት?

ግራና ቀኝ ሁለት ስፊንክሶች፣ የሰው ራስ ያላቸው የአንበሳ ሐውልቶች፣ አሉ። ጠባቂ መሆናቸው ነው። ግን ሲያስቀምጧቸው ዞረዋል፤ ወደ ውጭ ማየት ሲገባቸው ሐውልቱን ትክ ብለው ያያሉ። ዘበኛ ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ ግቢውን ሲያደንቅ አስቡት።

ይህን ሁሉ ሳወራ እታለም ባትሪ መሙያ ፍለጋ ቦርሳዋን እያራገፈች ነበር። ጃንጥላ ወጣ። ሹራብ ወጣ። ሁለተኛ ሹራብ ወጣ። ነጠላ ጫማ። የራስ ምታት ክኒን። የፀጉር ሽቦ ከነፓኮው። የ12ቱ ቆንጆዎች ፎቶ ብቻ ነው የቀረው። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የተባለው ለቱሪስት ሳይሆን አይቀርም። ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ግንዱን አዝሏል፤ በጎማ የሚጎትተውም አለ። እታለም ማደሪያ አላት። ግን ግንዱ አልቀረላትም።

ወደ ጀልባው የተመለስነው በሩጫ ነው። ለ5 ሰዓት 4 ጉዳይ ተሳፈርን። አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመን መጥተን ጀልባው ሊያመልጠን ነበር ማለት ነው።

ማይክ የያዘው የጀልባው ሠራተኛ ገና ከመነሳታችን አስጎብኚ አለመሆኑን ነገረን። በመጨረሻ ለጉርሻ ኮፍያ እንደሚዞርም አያይዞ ነገረን። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች እንዴት እንደሚስማሙ አልገባኝም፤ ግን ጨዋታው ጥሩ ነበር።

እኛ ሰው ድምፁ ሲጠፋ «የውሃ ሽታ ሆነ» እንላለን። ቴምስ ላይ ይህ አነጋገር አይሠራም። በ1858 በጋ እዚህ የጠፋው ሰው እንጂ ሽታው አልነበረም። የከተማው ፍሳሽ ወንዙ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ሙቀቱ ሲበረታ ፓርላማው ውስጥ መቀመጥ አልተቻለም። መጋረጃዎቹን በኖራና በክሎሪን ውህድ እየነከሩ ሰቀሏቸው። አልረዳም። ከዚያ ለአዲስ የፍሳሽ መስመር የሚሆነው ሕግ በ18 ቀናት ውስጥ ጸደቀ። የሕዝብ እንደራሴ አፍንጫ ያለው መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ወንዙ ግን በ1957 ሞቷል ተብሎለት ነበር። ዛሬ ከ100 በላይ የዓሣ ዓይነቶች ይኖሩበታል።

ከድልድይ ወደ ድልድይ ስናልፍ ስልኮች ይነሳሉ። ሁሉም ድልድዩን ከሥሩ ያነሳል። ማታ ፎቶዎቹን ስናያቸው እኔ ብቻ 9 የድልድይ ሆድ ይዣለሁ፤ የቱ የማን ሆድ እንደሆነ የሚለይ ካለ ይምጣ።

«ለንደን ብሪጅ!» ተባለ። ሁሉም ዘወር አለ። ድርቅ ያለ የኮንክሪት ድልድይ ነው፤ በ1973 የተከፈተ። ስልኮች ዝቅ አሉ። ሰው የጠበቀው ሁለት ማማ ያለውን ነው፤ እሱ ታወር ብሪጅ ነው፤ ወደፊት ይመጣል። ከዚህኛው በፊት የነበረውን ለንደን ብሪጅ በ1968 ሮበርት ማኩሎክ የሚባል አሜሪካዊ ባለሀብት ገዝቶታል። ድንጋዩን በቁጥር በቁጥሩ አስነቅሎ አሪዞና በረሃ ውስጥ፣ ሌክ ሃቫሱ የሚባል ከተማ ወስዶ ተከለው። ሰው ከጉዞ ሲመለስ ቁልፍ መያዣ ነው የሚገዛ። ይኼኛው ድልድይ ይዞ ገባ።

ታወር ብሪጅ ስንደርስ ሁሉም ቆመ። በ1894 የተከፈተ ነው። ረጅም መርከብ ሲመጣ መሀሉ ለሁለት ተከፍሎ ይነሳል፤ በዓመት 800 ጊዜ ያህል። መርከቡ በ24 ሰዓት ቀድሞ ማስታወቅ አለበት፤ መኪና ግን ቆሞ ይጠብቃል። በታኅሣሥ 1952 አንድ 78 ቁጥር አውቶቡስ ተሳፋሪ እንደጫነ መሀሉ ላይ ሳለ ድልድዩ መነሳት ጀመረ። ሹፌሩ ነዳጅ ሰጥቶ ዘለለው። ወዲያኛው ክንፍ ላይ አረፈ። ሰው አልሞተም። ሹፌሩ 10 ፓውንድ ተሸለመ።

«ፍሬን ቢይዝስ?» አልኩ።

«ሰዓቱ ይዛነፍበታላ!» አለች እታለም። የሹፌሩ ነገር ወዲያው ነው የገባት።

ከታወር ብሪጅ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ወንዙ ሰፋ። ማይኩ ዝም አለ። የሚታየው በዋነኛነት የድሮ መጋዘን ነው፤ አሁን አፓርታማ ሆኗል። ፎቶ የሚነሳ ነገር ስለሌለ ሰው ሁሉ ተቀመጠ። አንድ ሕፃን ጣቱን ይጠባል። አባቱም ቢጠባ ደስ የሚለው ይመስላል።

ወንዙ ጎድሎ ነበር። ቴምስ ከባሕር ጋር ስለሚተነፍስ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ልዩነቱ እስከ 7 ሜትር ይደርሳል። የሞላበት ጊዜ ምልክቱ የግንቡ ግድግዳ ላይ አለ። ከታች አረንጓዴ ጭቃ፣ ከላይ ደረቅ ድንጋይ። ከግንቡ የሚወርድ አሮጌ ደረጃ አየሁ፤ መጨረሻው ጭቃው ላይ ነው። አንዲት ወፍ አንዱን እግሯን አጥፋ የታችኛው ደረጃ ላይ ቆማለች። ውሃው እስኪመለስ ምን ልትሠራ እንዳሰበች አላውቅም። ምንም ያሰበች አትመስልም።

ይህን ላሳያት ስዞር እታለም ተኝታለች።

አንገቷ ትከሻዬ ላይ ወድቋል። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ስልኩ እጇ ላይ እንደበራ ነው፤ ዝርዝሩ ይታያል። እታለም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ትሠራለች። ቀን ደግሞ ሌላ ቦታ በሳምንት 3 ቀን። ከሥራ ወጥታ ሳትተኛ የመጣችበትን ቀን ነው ከ3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ያስሮጠችኝ። ስልኩን ከእጇ ቀስ ብዬ ወስጄ አጠፋሁት። ሁለተኛው ሹራብ ለካ ለዚህ ነበር፤ አለበስኳት። ኮፍያው ሲዞር በእሷም ስም ጣል አደረግሁ። ሳይቀሰቅሳት እንዲያልፍ ኮፍያ ያዡን ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ «እሽሽ» አልኩት፤ ጠቀሰኝ።

ግሪኒች ጀልባው ሲጠጋ ግጭቱ ቀሰቀሳት።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«6 ከ5።»

«ለምን አልቀሰቀስከኝም? 20 ደቂቃ ባከነ!»

አሁን ዕዳ ውስጥ ነን። በዝርዝሩ መሠረት በ7 ሰዓት ኮረብታው ላይ ያለው የጥንቱ የሥነ ፈለክ ማዕከል ደጃፍ መገኘት አለብን። ጣሪያው ላይ ቀይ ኳስ አለ። ከ1833 ጀምሮ በየቀኑ 7 ሰዓት ላይ ይወድቃል። ቴምስ ላይ የቆሙ መርከቦች ካፒቴኖች ኳሱ ሲወድቅ አይተው ሰዓታቸውን ያስተካክሉ ነበር። ቀልድ አልነበረም፤ ባሕር ላይ 4 ደቂቃ የተሳሳተ ሰዓት በኬንትሮስ አንድ ዲግሪ ያስታል፤ ምድር ወገብ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ቀጥ ብለን ብንወጣ 20 ደቂቃ ይበቃናል። ከዚያ እያረፍን እንጠብቃለን።

«ማረፍ?» አለች እታለም። «35 ደቂቃ ትርፍ አለን እኮ!»

መጀመሪያ ካቲ ሳርክ። በ1869 የተሠራች የሻይ መርከብ ናት፤ አሁን ደረቅ መሬት ላይ ቆማለች። ከፊት፣ ከጎን፣ ከነእታለም ተነሳች። ቀጥሎ የእግረኛ ዋሻው። በ1902 የተከፈተ፣ ከወንዙ ሥር የሚያልፍ 370 ሜትር መተላለፊያ ነው። ከደቡቡ ዳርቻ ያሉ ሠራተኞች ወዲያ ማዶ ወዳሉት የመርከብ መትከያዎች በእግራቸው እንዲሄዱ የተቆፈረ። አሁን ላይኛውን ውሃ በቲኬት የተሸራሸርን ሰዎች ታችኛውን በነፃ እንሮጣለን። ግድግዳው ነጭ ሸክላ ነው፤ የጫማችን ድምፅ እየተመለሰ ያባርረናል። ማዶ ደረስን። እታለም አንድ እግሯን ከዋሻው አውጥታ መሬት ነካች።

«አየነው። እንመለስ።»

ኮረብታው ቀጥ ያለ ነው። ግማሹ ላይ ስንደርስ ለ7 ሰዓት 5 ጉዳይ ሆነ፤ ኳሱ ምሰሶው እኩሌታ ድረስ ሲወጣ ከሩቅ አየሁት። ለ7 ሰዓት 2 ጉዳይ ጫፍ ላይ ሲደርስ እኛም ደረስን። ግቢው ውስጥ ሰው ተሰልፎ ኬንትሮስ መቆጠር የሚጀምርባት፣ ዜሮ ዲግሪ የምትባለው መስመር ላይ እግሩን አንፈራጦ ይነሳል፤ አንዱ እግር ምሥራቅ፣ አንዱ ምዕራብ። ስልክ የሚጠቀምበት ጂፒኤስ እንደሚለው ከሆነ ዜሮው እዚያ አይደለም፤ 102 ሜትር ወደ ምሥራቅ ዘልቆ ሣሩ ላይ ነው። ሣሩ ላይ ማንም የተሰለፈ የለም። አንድ ውሻ ግን ነበር።

እታለም ታለከልካለች። ስልኳን አውጥታ ዝርዝሩ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ካቲ ሳርክ፣ ራይት። ዋሻው፣ ራይት። ኳሱንም ሳይወድቅ ራይት አደረገችው።

ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ጣሪያው ቀሰረ። ኳሱ ወደቀ። «ኦ!» አለ ሕዝቡ።

እታለም ቀና አለች።

«ወደቀ እንዴ?»

«ወደቀ።»

«ደግሞ መቼ ነው?»

«ነገ፤ በዚሁ ሰዓት።»

ስልኳን ወደ ላይ ወደ ታች አንሸራተተች።

«ነገ ማታ ነው የምገባው» አለች። «ከ6 እስከ 8 ክፍተት አለኝ።»