ከባድ ጫማ

አማርኛችን ቀላል ነገር አይወድም። ሰው ስናደንቅ «ቀላል ሰው እንዳይመስልህ» እንላለን። የሚቅበጠበጠውን «ከበድ በል እንጂ!» እንለዋለን። ቅለትና ቅሌት ራሳቸው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እንግዲህ በዚህ ቋንቋ ያደገ ሰው ሱቅ ገብቶ «ቀላል ጫማ ስጠኝ» እንዴት ይበል?

እኔም አላልኩም። ከዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም ሳለ፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ሰሜን ተራሮችን በእግር እንውጣ አሉ። መርካቶ ወርጄ «ጠንከር ያለ» አልኩ። ሻጩ ከስክስ የሚመስል ጫማ አወረደና ባንኮኒው ላይ ጓ! አደረገው። መስታወቱ ነዘረ።

«ብራዘር፣ ያዘው እስቲ። ድንጋይ እኮ ነው!»

ያዝኩት። እውነትም ድንጋይ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ድንጋይ በነፃ እንደሚገኝ ያኔ ትዝ አላለኝም። የግማሽ ወር ደሞዜን ቆጥሬ ወጣሁ። በነጋታው ሰፈራችን ባለሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ልጁ ፌስታሉን አይቶ «ጋሼ፣ ሽንኩርት ነው?» አለኝ። ጥንዱ 1 ኪሎ ከ900 ግራም።

የገዛሁት ደግሞ በጠዋት ነው። እግር ሲሄድ ውሎ እንደሚያብጥ ማን ነገረኝ? ጫማ የሚለካው ወደ ማታ ነው። ወፍራም ካልሲ አድርጎ፣ ከጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ትቶ። ያለዚያ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ከጫማው አፍንጫ ጋር ሲጋጭ ይውላል። ሻጩ ግን «ሲለመድ ይሰፋል» ብሎኛል። አልሰፋም። እኔ ጠበብኩ።

ደባርቅ ላይ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ታጣቂ አጃቢ፣ ተመደበልን። ሃምሳውን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ክላሽ ያነገተ ሰው። እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ። ያውም የአንዱ ማሰሪያ ተበጥሶ በጋለ ቢላ የተጣበቀ። አሳዘነኝ። ጓደኛዬን «እኚህ ሰውዬ ይደርሳሉ?» አልኩት በሹክሹክታ።

ከሳንቃበር ካምፕ ወደ ግጭ ካምፕ ስንወጣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰውዬው ከፊታችን ጠፉ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ ከጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ጋር ሆነው ይጠብቁናል። ጭላዳዎቹም ሳር እየነጩ የሚያዩኝ መሰለኝ።

ጅንባር ወንዝ ደረስን። የኔ ጫማ «ውሃ አያስገባም» የተባለለት ነው። እውነት ነው፣ በጎን አያስገባም። በላይ በኩል ግን በሩ ክፍት ነው። አንዴ የገባውን ደግሞ አያስወጣም። ካላደርክ ብሎ ሙጭጭ የሚል እንግዳ ተቀባይ ነው። የስካውቱ ኮንጎ ውስጥ ውሃው በአንዱ ቀዳዳ ገባ፣ በሌላው ወጣ። ሰውዬው ጥቂት እንደተራመዱ እግራቸው ደረቀ። እኔ እስከ ግጭ ድረስ ቿ ቿ እያልኩ ሄድኩ።

ድካሙን ልርሳው ብዬ ሂሳብ ጀመርኩ። የዛሬው መንገድ 20 ሺህ እርምጃ ቢሆን፣ በእያንዳንዱ እርምጃ 950 ግራም አነሳለሁ። 19 ሺህ ኪሎ! 190 ኩንታል! አንዱ ጫማ 300 ግራም ቢሆን ኖሮ 60 ኩንታል ነበር። ለካ 130 ኩንታል ያለ ክፍያ እያወረድኩ ነው። ተጓዦች እግር ላይ ያለ አንድ ኪሎ ጀርባ ላይ እንዳለ አምስት ኪሎ ነው ይላሉ። ሲሉ ሰምቼ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አንዷ ባልደረባችን ይባስ ብላ የኤማ ጌትውድን ታሪክ አወራችልኝ። የ11 ልጆች እናት የሆኑት እኚህ አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1955፣ በ67 ዓመታቸው፣ ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአፓላቺያን ተራሮች የእግር መንገድ ብቻቸውን ጨረሱት። በሸራ ጫማ። ምነው ባልነገረችኝ!

ከባድ ጫማ ጥቅም የለውም አልልም። በረዶ ለሚረግጥ፣ ጀርባው ላይ 25 ኪሎ ለጫነ ሰው ይሁንለት። የኔን ሻንጣ የያዘችው ግን በቅሎ ናት። እኔ የተሸከምኩት ጫማዬን ብቻ ነው።

ማታ ግጭ ሰፈር እሳት ዳር ጫማዬን አወለቅሁ። ሁለት ጥፍሮቼ ጠቁረዋል። ስካውቱ ጫማውን በአንድ እጃቸው አንስተው ገልበጥ አደረጉት። የጅንባር ውሃ ተንዶለዶለ።

«ልጄ፣ ይኸን አድርገህ ነው የመጣኸው?»

«አዎ ጋሼ።»

ዝም ብለው አሰቡ። «ጎበዝ ነህ» አሉኝ። ስድብ ይሁን ሙገሳ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በነጋታው ለማታ ብዬ የያዝኩትን ስስ የሩጫ ስኒከር አድርጌ እመት ጎጎ የሚባለው ተራራ ላይ ወጣሁ። 3,926 ሜትር ላይ ቆሜ ገደሉን ሳይ እግሬ መኖሩንም ረስቼዋለሁ። ሶሉ ጥርስ ስላልነበረው ሁለቴ በቂጤ ተቀምጫለሁ፣ እሱን አልደብቅም። ጥርስ ያለው፣ ቶሎ የሚደርቅ፣ ቀላል ጫማ እንዳለ ያወቅሁት በኋላ ነው። ከባዱ ጫማ በቅሎዋ ላይ ተጭኖ ተመለሰ። ባለበቅሎው ሲያነሳው «ምን ከተኸበታል?» ብሎ ውስጡን አይቷል።

አሁን ጫማው ቤት ነው። ነፋስ የሳሎኑን በር እንዳይዘጋው ይይዛል። እንግዳ የመጣ ሁሉ ከበሩ ሥር ያነሳውና በእጁ መዘን መዘን ያደርገዋል።

«ይሄማ ኦርጅናል ነው» ይለኛል።