ክፍት የቀረው የቺፕ እግር ነው ድምፁን የሚያበላሸው
በቤት ስለሚሠራ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ የድምፅ መሣሪያ የተጻፈው «40106 ቺፕ (ስድስት ኢንቨርተሮች፣ ማለትም ምልክት ገልባጮች፣ የያዘ) አንድ ካፓሲተርና (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም) አንድ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ) ሲጨመርበት ይዘፍናል» የሚለው ልክ ነው፤ ግን ጀማሪውን የሚያስመርረው ነገር ተዘሏል። ያልተጠቀማችሁባቸውን መግቢያ እግሮች (መውጫዎቹን አይደለም!) በሙሉ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አገናኙ፤ ክፍት ከቀሩ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ቺፑም ባትሪውን በከንቱ ይበላል። በዚያው ጽሑፍ ሥር «ድምፁ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው» ላሉት አስተያየት ሰጪ ደግሞ፦ በሬዚስተሩ ቦታ ሁለት የናስ ምስማሮች ጎን ለጎን አስገቡና በጣት ንኩ። የቆዳ ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም መጠን) ብዙ መቶ ኪሎ ኦም ስለሚደርስ ካፓሲተሩ 0.01 ማይክሮፋራድ ይሁን፤ በ0.1 ከሆነ የሚሰማው መንተክተክ ብቻ ነው። እርጥብ ጣት ድምፁን ያቀጥነዋል፣ ደረቅ ጣት ያወፍረዋል፣ ጫን ሲሉት ይበልጥ ይቀጥናል። መሣሪያው የተጫዋቹን እጅ መምሰል የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኃይሉ ግን ከ9 ቮልት ባትሪ ብቻ ይሁን፤ ቆዳ የሚነካውን ነገር ከግድግዳ ሶኬት ጋር በፍጹም አታገናኙ።