ዳር ለሚኖር ሰው ጥሩ ኬክ አይገባውም ያለው ማን ነው?

የአዲስ አበባ ምርጥ ኬክ ቤቶች፣ ምርጥ ዳቦ ቤቶች፣ በእጅ የተሠራ ቸኮሌት የሚገኝባቸው ቦታዎች እየተባለ በየጊዜው ዝርዝር ይወጣል። እኔም ጣፋጭ ወዳድ ነኝና አንድም ሳላስቀር አነባለሁ። ቦሌ። ሳር ቤት። ፒያሳ። ኦሎምፒያ። ደግሞ ቦሌ። ኮዬ ፈጬ የለም፣ የካ አባዶ የለም፣ አራብሳ የለም፣ ጀሞ የለም። እኔ የምኖርበት ቱሉ ዲምቱማ ጭራሽ ትዝም አይላቸው። ጸሐፊዎቹ ላይ አልፈርድም። የሌለ ነገር ከየት አምጥተው ይጻፉ? የሚያናድደኝ ዝርዝሩ እውነት መሆኑ ነው።

እስቲ እዚህ ያለውን ልንገራችሁ። ኬክ ቤት ሞልቷል። ኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ ታክሲ መያዣው ጋ፣ ባጃጆቹ የሚሰለፉበት ጥግ ላይ፣ ዞር ባላችሁበት ሁሉ «ካፌና ኬክ» የሚል ታፔላ አለ። የመስታወት ፍሪጁ መብራቱ ቦግ ብሎ፣ ኬኩ ቀይ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ ሆኖ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ከሩቅ ያምራል። ጉዱ ሲቀመስ ነው።

በቀደም እንግዳ ይመጣብኛል ብዬ ብላክ ፎረስት ልገዛ ገባሁ። «እህቴ፣ ይሄ መቼ የተጋገረ ነው?» አልኳት ልጅቷን። «ትኩስ ነው፣ ጠዋት ነው ያመጡት።» «ከየት?» «ከከተማ ነው የሚጭኑልን።» መቼ እንደተጋገረ እሷም አታውቅም። እሷ ምን ታድርግ፣ ተቀጥራ ነው የምትሸጠው። ቤት ወስጄ ቢላ ስሰድበት ጠርዙ ደርቆ ተፈረፈረ። መሃሉ ደግሞ በስኳር ውሃ ርሶ ጨቅይቷል። ድርቀቱን ለመሸፈን ነው ሽሮፑን እንደዚያ የሚያርከፈክፉበት። ላዩ ላይ ያለው ነጭ ነገር ክሬም ይባላል እንጂ ወተት የሚባል አልነካውም። የረጋ የአትክልት ዘይት ከስኳር ጋር ተመትቶ ነው። ትውጡታላችሁ፣ ቅባቱ ግን ላንቃችሁ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ትኩስ ሻይ ካልጠጣችሁበት አይለቅም። እንግዶቼ ጨዋ ስለሆኑ ምንም አላሉም፣ ግን ሁሉም ግማሹን ሳህኑ ላይ ትተውት ሄዱ። ያን ሁሉ ብር ከፍዬበት! ሳህኑን ሳነሳ አንጀቴ ነው ያረረው።

ከላይ ስለተፈቀፈቀው ቡናማ ነገርም ልናገር። ቸኮሌት ብለው ነው የሚሸጡልን። እውነተኛ ቸኮሌት ግን ከኮኮዋ ነው የሚሠራው። የኮኮዋው ፍሬ፣ ከራሱ ከፍሬው የወጣ ቅቤ፣ ስኳር፣ ሲፈለግ ወተት። የኮኮዋ ቅቤ 34 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል፣ ይህ ደግሞ ከሰውነታችን ሙቀት ትንሽ ዝቅ ይላል። ለዚህ ነው ጥሩ ቸኮሌት ሳያኝኩት አፍ ውስጥ ሟሙቶ የሚያልቀው። በርካሹ ውስጥ ቅቤው ቀርቶ የፓልም ዘይት ይገባበታል። ለሠሪውም ይቀለዋል፣ ዝም ብሎ አቅልጦ ማፍሰስ ነው። እውነተኛውን ግን ስታቀልጡትም መልሳችሁ ስታረጉትም ሙቀቱን በዲግሪ እየለካችሁ ነው፣ አለዚያ ይገረጣል፣ ላዩ ነጭ ነጭ ይላል። ሙያ ነው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ውድ መሆኑ ይገባኛል። እኛ ኮኮዋ አምራች አገር አይደለንም። የዓለም ኮኮዋ ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከኮትዲቯርና ከጋና ነው፣ እዚያ ምርት ሲቀንስ ዋጋው ሰማይ ነካ። ታኅሣሥ 2017 ላይ የአንድ ቶን ዋጋ ኒውዮርክ ገበያ ላይ ከ12 ሺህ ዶላር አልፎ ነበር። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ ዶላሩ ምን እንደሆነ ሁላችንም ኪሳችን ያውቀዋል። ስለዚህ ውድ ነው በሉኝ፣ እቀበላለሁ። አልቻልንም በሉኝ፣ እሱንም እቀበላለሁ። የማልቀበለው ዘይት በቸኮሌት ዋጋ ሲሸጥልኝ ነው። ካልተቻለ ደግሞ ለምን ግድ ቸኮሌት? ማር ያለን ሰዎች ነን። ቡና አለን፣ ሎሚ አለን፣ ብርቱካን፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ አለን። የማርና የዝንጅብል ኬክ ሠርቶ የሚሸጥልኝ አንድ ሰው ቢገኝ በየሳምንቱ እገዛዋለሁ። ማን ፈርዶብን ነው በቀለም የተነከረ ቼሪ ስንበላ የምንኖረው?

የጾም ኬክማ ተዉት። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ አለ፣ ገና ጾም አለ። ከዓመቱ ግማሽ በላይ ጿሚ ደንበኛ ይዘው ለጾም የሚያቀርቡት ያው በዘይት የራሰ ደረቅ ቁራጭ ነው። ወተት የሌለበት ጥቁር ቸኮሌት እኮ እንዳለ የጾም ነው። በብርቱካን ጭማቂና በዘይት ያማረ ኬክ ይወጣል። ማሰብ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ኬክ ቅንጦት ነው፣ ምን አስጮኸሽ የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ዳቦውስ? ጠዋት ዳቦ ቤቱ ጋ ሰልፍ አለ፣ ሰው ሥራ እንዳይረፍድበት እየተጣደፈ ፌስታሉን ሞልቶ ይሄዳል። ዳቦው ሲይዙት ቅልል ይላል። ጫን ሲያደርጉት ይጨማደድና እዚያው ይቀራል። ለማታ ያስቀመጣችሁት እንደሆነ እንደ አሮጌ ግድግዳ ይፈርሳል። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። እርሾው ይበዛበታል፣ ማሻሻያ ዱቄት ይገባበታል፣ ሊጡ ገና ሳያርፍ በግድ ኩፍ ብሎ ወደ ምድጃ ይገባል። ዳቦ ጣዕም የሚያገኘው ሊጡ ቀስ ብሎ ሲቦካ ነው፣ አቋራጭ የለውም። ይሄንን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? እናቶቻችን ድፎ ሲደፉ ማታ አቡክተው ያሳድሩት የለ? ነጭ አዝሙዱ፣ ኮባ ቅጠሉ፣ ከላይና ከታች የሚነደው እሳት! ቡሄ ሲደርስ ለጨፋሪ ልጆች የሚሰጠው ሙልሙል! ይህን እየበላን አድገን ዛሬ ነፋስ በፌስታል ይዘን ወደ ቤት እንገባለን።

ሰኔ 2012 ሸገር ዳቦ ፋብሪካ ሲመረቅ በቀን 2 ሚሊዮን ዳቦ ያወጣል ሲባል ደስ ብሎኛል። ርካሽ ዳቦ ስንቱን ቤት እንደሚይዝ አውቃለሁ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፣ አንድ ሰፈር ውስጥ አንድ የሚያኮራ ዳቦ ጋጋሪ ለምን ይጠፋል ነው የምለው።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ ልምጣ። ሙያው የለም እንዳትሉኝ። ሙያው እዚሁ ነው ያለው! መሃል ከተማ የምታደንቋቸውን ኬኮች የሚሠሩት ልጆች የት የሚኖሩ ይመስላችኋል? ኪራይ በሚቀመስበት፣ እኛ ጋ፣ ዳር። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጃኬታቸውን ደርበው፣ ሰርቪስ የሚያነሳቸው ቦታ ላይ ቆመው ታዩዋቸዋላችሁ። እነሱ የጋገሩት ቦሌ ትኩሱን ይበላል። ማታ ደክሟቸው ይመለሱና ሰፈራቸው ኬክ ቤት ውስጥ ያለውን አሮጌ ኬክ በመስታወት እያዩ ያልፋሉ።

ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንዷ አለች። ለዓመታት ኬክ ቤት ውስጥ የሠራች ልጅ ናት። አንድ እሑድ ሚልፎሊ የሚባለውን ድርብርብ ኬክ ልሠራ ነው ስትለኝ ሥራዬን ትቼ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። ሊጡን ዳምጣ ቀዝቃዛውን ቅቤ መሃሉ ላይ አስተኛችው። ሸፈነችው፣ እንደገና ዳመጠችው፣ ከሦስት ቦታ አጠፈችው፣ ወደ ፍሪጅ። አውጥታ ደግሞ ዳመጠች፣ አጠፈች፣ ወደ ፍሪጅ። ስድስት ዙር። ሦስት በሦስት እየተባዛ ሲሄድ የቅቤው ድርብ 729 ይደርሳል አለችኝ፣ ቁጭ ብዬ ባሰላው እውነቷን ነው። ቅቤው ከሞቀ ሊጡ ይጠጣዋል፣ ያን ጊዜ ድርቡ አይለያይም፣ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ኦቨን ውስጥ ሲገባ ግን ቅቤው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ድርቡን አንድ በአንድ ያነሳዋል። ስስ ሆኖ የገባው ሊጥ ወፍሮ፣ ወርቃማ ሆኖ ወጣ። በመሃሉ ያደረገችው ክሬም ወተት፣ የእንቁላል አስኳልና ስኳር ነው፣ የረጋ ዘይት የሚባል የለበትም። ስነክሰው ድምፁ ለራሴ ተሰማኝ። ቀሚሴ በፍርፋሪ ተሞላ። የፎቁ ሕፃናት ሽታው ጠርቷቸው በሩ ላይ ተኮልኩለው ነበር፣ ለሁሉም አደለቻቸው።

«ለምን አትከፍቺም?» አልኳት። «በምን አቅሜ እህቴ?» አለችና ትዘረዝርልኝ ጀመር። ሥር ያለው የንግድ ቤት ኪራይ የስድስት ወር በቅድሚያ ይከፈል ይባላል። የዳቦ ቤት ኦቨን ባለ ሦስት ፌዝ መብራት ይፈልጋል፣ ለሱ ቆጣሪ ማስገባት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። መብራቱ ገብቶስ? ስፖንጅ ኬክ ኦቨን ውስጥ እያለ ኃይል ከተቋረጠ ያ ትሪ አለቀለት። መሃሉ ይሰምጣል፣ መብራቱ ቢመለስም አይነሳም፣ ሙሉ ትሪ እንቁላልና ስኳር ይጣላል። ስለዚህ ጄኔሬተር፣ ከዚያ ነዳጅ። ባንክ ብትሄድ መያዣ አምጪ ይሏታል፣ ያላት ሁለት እጅ ነው። እንዲህ ያለ እጅ ይዛ ሌሊት ተነስታ ለሰው ትሠራለች። እኔን ያበሳጨኝ ይሄ ነው። የወጣቶች ብድር፣ የሥራ ዕድል ፈጠራ ሲባል እንሰማለን፣ ሼድም ይሠራል። ለዚህች ልጅ የሚሆን አንዲት ክፍል ከነመብራቷ እንዴት ይጠፋል?

ደግሞ የዳር ሰው አቅም የለውም፣ ጥሩ ነገር ቢቀርብለትም አይገዛም የሚል ነጋዴ አለ። ውሸት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ታክሲ ውስጥ ተመልከቱ። ለልጃቸው ልደት መሃል ከተማ ሄደው ቶርታ ገዝተው የሚመለሱ አባትና እናት አይጠፉም። ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አቅፈው፣ ሳሪስ ላይ በትራፊክ፣ ቃሊቲ ላይ በጉድጓድ እየተናጡ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይመጣሉ። ሲከፈት የልጁ ስም ከካርቶኑ ክዳን ጋር ተጣብቋል። አቅም የሌለው ሰው እንዲህ አይለፋም። ከፒያሳና ከካዛንቺስ በልማት ተነስተው ወደ ዳር የመጡትስ? እነሱ እኮ ማኪያቶና ኬክ ይዘው ሲያወጉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የፒያሳ ልጅ የነበሩ አንድ ጎረቤቴ አሉ፣ የኤንሪኮ ኬክ ቤትን ሚልፎሊ ሲያነሱ ፊታቸው ሁሉ ይበራል። «ጠዋት ካልደረስሽ አታገኚም ነበር ልጄ፣ ያልቃል!» ይሉኛል። እሳቸው እዚህ ከመጡ ወዲህ ኬክ የሚባል ገዝተው አያውቁም። ቀምሰው ነው የተዉት።

ስለዚህ ሰፈራችን ውስጥ ኬክና ዳቦ የምትሸጡ፣ እባካችሁ። ሃያ ዓይነት አትደርድሩ። ሁለት ዓይነት ይበቃል፣ ግን የዛሬ ይሁን። የተጋገረበትን ቀን ትሪው ላይ ለጥፉ። ዳቦውን መዝናችሁ ግራሙን ንገሩን። ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡ፣ ብርዱ ውስጥ ከውጭ ይልቅ ቶሎ ነው የሚደርቀው። ክሬሙ የዘይት ከሆነ የዘይት ነው በሉ፣ እኛ እንመርጣለን። እናንተም ገዢዎች «መቼ ተጋገረ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ጭቅጭቅ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲጠይቅ ግን ባለቤቱ ይሰማል።

ጎረቤቴ ለጊዜው በትዕዛዝ ልትሞክር ነው፣ ለእሑድ እስከ ዓርብ ማታ የነገራት ሰው ይደርሰዋል። የእኛ ብሎክ ሰው ከወዲሁ ወረፋ ይዟል። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ፣ ገላን፣ ቂሊንጦ፣ በዚህ አካባቢ እዚያው በራሱ ምድጃ የሚጋግር፣ እውነተኛ ቅቤ የሚጠቀም ሰው የምታውቁ ካላችሁ ሰፈሩንና ትኩሱ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ጻፉልኝ። በጠዋት ተነስቼ እሄዳለሁ።