ወንድ ነው ሴት?

እስቲ ዛሬ ልተንፍስ። አምቄ ብይዘው ሆዴ ሊፈነዳ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ገና በደንብ ሳይነጋ የግቢያችንን በር ስከፍት አንድ ማዳበሪያ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። አፉ በሲባጎ ታስሯል። ቆሻሻ መሰለኝና ሰውን መርገም ጀመርኩ። እርግማኔን ሳልጨርስ ማዳበሪያው ተነቃነቀ።

ፈታሁት። አራት ቡችሎች። እርስ በርስ ተጠቅልለው እንደ ክር ኳስ ሆነዋል። ዓይናቸው አልተገለጠም። ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው ከተወለደ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። እነዚህ ገና ጡት ላይ እያሉ ተመንጭቀው ነው የመጡት። እንደ ልማዴ አንድ በአንድ ገልብጬ አየሁ። ሴት። ሴት። ሴት። ሴት።

አራቱንም ሴት የወለደች ውሻ ልትኖር ትችላለች፣ አልካድኩም። ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ስንቱን አነሳሁ! ደጃፌ ላይ፣ ሱቄ በር ላይ በብስኩት ካርቶን፣ ቦርከና ወንዝ ዳር በፌስታል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ወንድ የደረሰኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱም እግሩ የተሰበረ ነበር። ወንዶቹ ተለቅመው ያልቁና ግርዱ ለእኔ ይላካል።

ለማታውቁኝ፣ ደሴ ነው የምኖረው። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ክፍል ተከራይቼ፣ የተጣለ ውሻ ቤት እስኪያገኝ አቆያለሁ። "ለጊዜው" ብዬ ነው የጀመርኩት። ይህቺን "ለጊዜው" የምትባል ቃል ማን እንደፈጠራት ባውቅ ጥሩ ነበር።

ስልክ ሲደወል እንዲህ ነው፦

"ሄሎ እህቴ፣ ቡችላ አላት አሉኝ።"

"አሉ። ሁለት ወር ሞልቷቸዋል፣ የትል መድኃኒት ወስደዋል፣ ምግብ ደግሞ..."

"ወንድ ነው ሴት?"

"ሴት።"

"እ... እሺ፣ መልሼ እደውልልሻለሁ።"

እስካሁን መልሶ የደወለ ሰው ካለ እዚሁ እጁን ያውጣ።

ምክንያታቸውን በቃሌ ይዤዋለሁ። "ሴት ውሻ የሰፈሩን ወንድ ትሰበስባለች፣ ትወልዳለች፣ ማን ይችለዋል?" ልክ ነው፣ ትወልዳለች። በዓመት ሁለቴ ገደማ ወንድ ትፈልጋለች፣ ሁለት ወር ታረግዛለች፣ ስድስት ሰባት ትጥላለች። ግን እኮ ወንድሜ፣ ያንተው ወንድ ውሻ ማታ አጥር ዘሎ የት የሚያድር ይመስልሃል? ማዳበሪያው ውስጥ ያሉት ልጆቹ ናቸው። ቢያንስ ቀለብ ቁረጥለት!

"ታዲያ ይምከኑ" ስል ደግሞ ሌላ ጉድ ይመጣል። ኃጢአት ነው ይሉኛል። በሬ እያኮላሸ ሰንጋ የሚያደልብ፣ ለበዓል ሙክት ካልሆነ የማይበላ ሰው ነው እንግዲህ ይሄን የሚለኝ። የእኔ ሐኪም ቀኑን ሙሉ በግና ላም ሲያይ ይውላል። ውሻ ይዤ ስገባ ወረፋ የያዙት ገበሬዎች "ይቺም ታማ ነው?" ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሐኪሙ ግን ጨዋ ነው፣ አንድ ቀን ስቆብኝ አያውቅም።

አሁን ያሉት አራቱ፣ ይቅርታ ሦስቱ፣ እንዴት እንደሚያድሩ ልንገራችሁ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠን፣ ማታ ማታ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ አጥንት ይበሳል። የዚህ ዕድሜ ቡችላ ደግሞ ገላውን ራሱ ማሞቅ አይችልም። ስለዚህ ሃይላንድ ላይ ሙቅ ውሃ እሞላለሁ፣ በአሮጌ ነጠላ እጠቀልላለሁ፣ ካርቶኑ ውስጥ መሃላቸው አስተኛለሁ። እናታቸው ይመስላቸውና ተለጥፈውበት ያድራሉ። በየሦስት ሰዓቱ እነሳለሁ፦ ከምሽቱ 3፣ ከሌሊቱ 6፣ ከሌሊቱ 9። በተለይ የ9 ሰዓቷ ከላይ ጅብ ይጮሃል፣ ከታች እነሱ ያለቅሳሉ፣ መሃል እኔ ሲሪንጅ ይዤ አዛጋለሁ።

የላም ወተት ብቻውን ከሰጣችኋቸው ያስቀምጣቸዋል። እኔ ሐኪሙ እንደነገረኝ እርጎና የእንቁላል አስኳል እቀላቅልበታለሁ። ደግሞ በጀርባ አስተኝታችሁ እንደ ሰው ልጅ ወተት አታጠጡ። ወተቱ ሳንባ ይገባል። በሆዳቸው ነው። የመጀመሪያዎቹን በዚህ ስህተት አጥቻለሁ፣ ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብዬ ነው። የዚህኛዋ የአራተኛዋ ግን ከወተቱ አልነበረም። ሲጀመርም ማዳበሪያው ሥር ተጨፍልቃ ነው የመጣችው። ሐሙስ ሌሊት እጄ ላይ ሄደች።

ሌላው ሥራ መሽናት ነው። አዎ፣ መሽናት። ሦስት ሳምንት እስኪሞላቸው ራሳቸውን ችለው አይሸኑም፣ እናታቸው እየላሰች ነው የምታሸናቸው። እኔ በረጠበ ጨርቅ ነበር የማደርገው። አሁን ግን ሞግዚት አለችኝ፣ እንጃላቸው ትባላለች።

እንጃላቸው ትልቋ ውሻዬ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ሙጋድ አካባቢ አንገቷ ላይ የታሰረ ሽቦ ሥጋዋ ውስጥ ሰምጦ አገኘኋት። ሰው ያስራታል፣ እሷ ታድጋለች፣ ሽቦው አያድግም። ወልዳ አታውቅም፣ ግን ካርቶኑ ውስጥ ገብታ ሦስቱንም አገላብጣ ትልሳቸዋለች። ሥራዋን ስትጨርስ ቀና ብላ ታየኛለች፣ "አንቺ ደግሞ እስካሁን ምን ትሠሪ ነበር" የምትል ነው የሚመስለኝ።

ስሟ ግን ጣጣ አመጣብኝ። የድሮ ሰው ለጎረቤት የሚናገረውን በውሻው ስም ይናገር የለ? አከራዬ "እንጃላቸው! ነይ!" ስል ሰምተው ሁለት ቀን አኮረፉኝ። "አንቺ ልጅ፣ ማንን ነው?" አሉኝ። ብምልም አላመኑኝም። "ወይ ስሙን ቀይሪ ወይ ቤት ፈልጊ" ብለው የወሩ መጨረሻ ድረስ ቀን ቆርጠውልኛል። እውነቱን ልናገር? ትንሽ እሳቸውንም ነበር።

በአጥር የምንዋሰናቸው ሐጂ ናቸው የሚገርሙኝ። ውሻ አይነኩም፣ ምራቁ የነካውን ዕቃ ሰባት ጊዜ ማጠብ እንዳለ፣ አንዱም በአፈር እንደሆነ አስረድተውኛል። እኔም እንጃላቸው ወደ ሶላት ሲሄዱ እንዳትደርስባቸው እይዛታለሁ። ማታ ማታ ግን በአጥሩ ቀዳዳ የተቆረጠ የጀሪካን ቂጥ ገፋ ይደረጋል፣ ውስጡ ትርፍራፊ ሩዝና አጥንት። አንድ ቀን ላመሰግን ስል "ነቢዩ እንደነገሩን፣ ሰውየው ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ አጠጥቶ ነው ምሕረት ያገኘው። አብሽሪ!" ብለውኝ ገቡ። በጾም የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሲዘጋ የሙስሊሙ አለ፤ የደሴ ውሻ ጾም አይይዘውም።

የከተባችሁትንም ያልከተባችሁትንም ልጠይቅ፦ የስንቶቻችሁ ውሻ ነው በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚወስደው? የእኔዋ ካርድ አላት። ባለፈው የጎረቤት ልጅ ውሻ ነከሰው ተብሎ ሰፈሩ እኔ በር ላይ ተሰለፈ። የነከሰው የራሳቸው ታስሮ የሚውል ውሻ ነው፣ ክትባት የሚባል አይቶ አያውቅም። ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አሳጥቤ ወደ ሐኪም ቤት ላክኋቸው። አያትየው "ጠበል ይበቃዋል" እያሉ ነበር። ጠበሉን ይጠጣ፣ ክትባቱን ግን ይጀምር። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም።

ደስታው የት አለ ትሉ ይሆናል። ባለፈው ዙር አንዷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። "ሃፍ" አለች። ከዚያ ማን እንደጮኸ ሳታውቅ ደንግጣ አልጋዬ ሥር ገባች። ደንበኛ እየጠበቀኝ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ያቺን ልጅ የወሰዷት ከገራዶ የመጡ እናት ናቸው። ዶሮ ያረባሉ፣ ሸለምጥማጥ አስቸግሯቸዋል። በዘንቢላቸው ሊወስዷት መጥተው ዓይኗን አዩ፣ ጥርሷን አዩ። እኔ ያቺን ጥያቄ እየጠበቅሁ ጉሮሮዬ ደርቋል።

"ትጮሃለች?" አሉኝ።

"ትጮሃለች እማማ። ራሷንም ታስደነግጣለች።"

"ይበቃል" ብለው ነጠላቸውን አልብሰው ወሰዷት።

ሦስቱ ዓይናቸው ቅዳሜ ተገልጧል። ሁለት ወር ሲሞላቸው ይሰጣሉ፣ ኮምቦልቻም ቢሆን ይዤ እወርዳለሁ። ስትደውሉ የምትጠይቁት አይጠፋችሁም። ልሂድ፣ 6 ሰዓት ሊሆን ነው፣ ሃይላንዱም ቀዝቅዟል።