ኪሎ ሜትሩ ያልጨመረ መኪና

ጀርመን አገር ቅዝቃዜው ጠንከር ሲል ጡረተኞች ሥራ ይበዛባቸዋል። ካምፐራቸውን ለክረምት ማዘጋጀት አለባቸዋ! አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና ሽንት ቤት ያለው መኪና ነው። አብዛኛው ፊያት ዱካቶ ላይ የተሠራ ነው። በሙቀቱ ወራት ወደ ጣሊያን ወይም ክሮኤሺያ ይዘውት ይወርዳሉ፤ ሲበርድ ግቢ ውስጥ ይቆማል።

የብዙዎቹን ታርጋ ልብ ብላችሁ ካያችሁ ዳር ላይ 04 እና 10 የሚሉ ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር ብቻ የሚነዳ ነው ማለት ነው። ግብሩም ኢንሹራንሱም የሚከፈለው ለእነዚያ ወራት ነው። በቀሩት ወራት መንዳት ቀርቶ የሕዝብ መንገድ ላይ ማቆምም ክልክል ነው። ለማይነዱበት ጊዜ አለመክፈል! ይቺን እንኳን ወድጄላቸዋለሁ።

የማይገባኝ ነገር ሌላ ነበር። ጎረቤቴ በዓመት ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር እንኳን አይነዱም። ግን ፀደይ በመጣ ቁጥር ዱካቶዋ ጋራዥ ትገባለች። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ምን ያህል ነድተዋት ነው ዘይት የሚቀይሩላት?»

«እኔ ባልነዳትም ዘይቱ ያረጃል» አሉኝ።

ያገሬ ልጅ ይሄን ቢሰማ «ገንዘብ ተርፏቸው ነው» ይላል። እኛ ጋ መኪና የሚለካው በኪሎ ሜትር ነዋ። አምስት ሺህ ሞላ፣ ዘይት ተቀየረ፣ አለቀ። ባለሙያው ቀጣዩን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ ይሰጥሃል፤ እዚያ እስክትደርስ ማን ያስታውሰዋል? ደላላውም ይህንኑ ያውቃል። «ብዙ ያልተነዳች፣ ከቤት ቢሮ ብቻ!» ሲል ሙገሳ መሆኑ ነው። ከቤት ቢሮ ብቻ የተነዳ መኪና ግን የሞተር ዘይት ጠላት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሞተር ተነስቶ በደንብ ሳይሞቅ ሲጠፋ፣ ድስት ክዳን ላይ እንደሚቋጠር ላብ ውስጡ እርጥበት ይጤዛል። ያልተቃጠለ ነዳጅም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ረጅም መንገድ ከተነዳ ሙቀቱ አብዛኛውን ያተነዋል። ካልተነዳ እዚያው ይቀራል። ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ አሲድ ይሆናል፤ ለወራት ቆሞ ብረቱን ይበላል። ስለዚህ ነው የመኪናው መጽሐፍ ላይ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር፣ ወይም ይህን ያህል ጊዜ፣ ቀድሞ የደረሰው» ተብሎ የሚጻፈው። ካምፐር ላይ ሁሌም ቀድሞ የሚደርሰው ጊዜው ነው። እኛ የዓረፍተ ነገሩን ግማሽ ብቻ ነው የምናነበው።

የፍሬን ዘይት ደግሞ ይብሳል። ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ መኪናው ተነዳም አልተነዳም። በተለምዶ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። ውሃ የገባበት የፍሬን ዘይት ቶሎ ይፈላል። የሚፈላውም ቁልቁለት ላይ፣ ፍሬኑ ሲግል ነው። ያኔ ፔዳሉ ዝም ብሎ ወለሉ ድረስ ይወርዳል። ጀርመኖቹ የአልፕስን ተራራ አስበው ነው የሚጠነቀቁት። እኔ ሁሌ የሚመጣብኝ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ነው። እዚያ የፍሬን ዘይቱን ዕድሜ የሚያስታውስ ሹፌር ስንት ይሆን?

ጎማም እንደዚያው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎማው ራሱ ሊያረጅ ይችላል። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ 2319 ካለ በፈረንጆች 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ካምፐር ከባድ ነው፣ አንድ ቦታም ይቆማል። ስለዚህ ከስድስት ሰባት ዓመት በኋላ ጎማውን በጥርጣሬ ነው የሚያዩት። ለአዲስ አበባ ፀሐይ ይህ ምክር ይበልጥ ይሠራል። ጎማ ስትገዙ «አዲስ ነው» መባሉን ብቻ አትስሙ፤ ቁጥሯን አንብቡ።

ጀርመኖቹን ግን ሙሉ በሙሉ አላመሰግንም። ካምፐር ሁለት የሰርቪስ መጽሐፍ አለው፤ አንዱ የመኪናው፣ ሌላው የቤቱ፣ ማለትም ሰው የሚኖርበት ክፍል። ቤቱ ውሃ ያስገባ እንደሆነ በየዓመቱ ይመረመራል፤ ካላስመረመርክ የብዙዎቹ አምራቾች ዋስትና ይቋረጣል። ጋዙ በየሁለት ዓመቱ ይታያል። የጋዝ ቱቦው በየአሥር ዓመቱ ይቀየራል። ጋዙ ላይ አልከራከርም፣ ሰው ይተኛበታል። ግን አንዳንድ ጋራዥ ለዚህች ለማትነቃነቅ መኪና የሚያወጣው ደረሰኝ ያስደነግጣል። ያለውም የሌለውም ነገር ይጻፍባታል። በእኔ ግምት በዓመት አንዴ ዘይትና ፊልትሮ፣ በሁለት ዓመት የፍሬን ዘይት ከተቀየረ፣ የታይሚንግ ቺንጋው ዕድሜም ከታወቀ፣ ሌላው በማየት የሚወሰን ነው። የቺንጋው ነገር ግን አይቀለድበትም። ላስቲክ ነው፣ በዓመትም ያረጃል፤ ከተበጠሰ ብዙ ጊዜ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል።

ደግሞ ምርመራ ማለፍ ሰርቪስ አይደለም። የጀርመኑ ቲዩፍም የእኛው ቦሎም ፍሬን፣ መብራትና ጭስ ያያሉ እንጂ ዘይትህ ስንት ክረምት እንደቆየ አይጠይቁህም።

ይሄን ሁሉ የማወራው ለካምፐር አይደለም። ካምፐር ያለው ሐበሻ እምብዛም አላውቅም። አዲስ አበባ መኪና ያቆመ ዳያስፖራ ግን ሞልቷል። ለዓመት በዓል ወይም ለሠርግ ሲሄድ የሚነዳት፣ የቀረውን ጊዜ ሸራ ለብሳ ወንድሙ ግቢ የምትቆም ያሪስ ወይም ራቭ ፎር አለችው። ይቺ መኪና የጀርመኑ ዱካቶ እህት ናት፤ የጎደላት የሚንከባከባት ጡረተኛ ብቻ ነው።

ወንድምየው ታማኝ ነው። በየቅዳሜው በቴሌግራም ይደውላል። «አታስብ፣ መኪናህን እያሞቅኩልህ ነው።» ስልኩን ወደ ኮፋኖው ያስጠጋል፣ ድምፁን ያሰማሃል። አሥር ደቂቃ በሚኒሞ ትሠራለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። ደስ ይላል። ችግሩ ግን በአሥር ደቂቃ ዘይቱ በደንብ አይሞቅም። ባትሪውም ለማስነሻ ያወጣውን በቅጡ አይመልስም። በየሳምንቱ አዲስ እርጥበት ወደ ሞተሩ እየገባ ነው ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቶ ዝም ብሎ መተው ይሻላል። ከኮፋኖው ሥር አይጥ ቤት እንዳልሠራች ማየትም እንዲሁ፤ ሽቦ ትወዳለች።

መነሳቷ የግድ ከሆነ ደግሞ ትነዳ። በወር አንዴ በፍጥነት መንገዱ ቢሾፍቱ ደርሶ መመለስ በቂ ነው። ሞተሩ ይግላል፣ ባትሪው ይሞላል፣ ፍሬኑ ዝገቱን ያራግፋል፣ ጎማውም አንድ ጎኑ ላይ ከመተኛት ይገላገላል።

ነገሩ አሁን ክብደት አለው። መንግሥት በፈረንጆች 2024 መጀመሪያ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ስለከለከለ፣ ግቢ ውስጥ የቆመችውን በሌላ መተካት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። በኤሌክትሪክ ተገላገልኩ የሚለውም ቢሆን የፍሬን ዘይት፣ ጎማና ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ አሉት፤ ሲቆም እነሱም ያረጃሉ።

እናም ወንድምህ ማሞቁን ትቶ ቢሾፍቱ ድረስ እንዲነዳት ንገረው። የነዳጁን አንተ ላክ፤ የምሳውንም ጨምር፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ መብላቱ አይቀርም።