ሪፖርት ያደረገው ልጃቸው ነበር

ማርክ ዙከርበርግ በ2017 የገና ዕለት በለቀቀው ቪዲዮ የተናገረው ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። የፌስቡክና የኢንስታግራም ማጣሪያ ከእንግዲህ ከባድ ጥፋት ላይ ያተኩራል አለ። ቀለል ላለው ጥፋት ሰው ሪፖርት እስኪያደርግ ይጠበቃል። የሚያዘው መጥፎ ነገር እንደሚቀንስም በገዛ አፉ አመነ።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ያየ ሰው ሪፖርት ያድርግ» የሚሉ አሉ።

እሺ፣ ሪፖርት ያደረገ ሰው ምን እንዳገኘ እንይ። መስከረም 2014 መጨረሻ ላይ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የመዓረግ አማረ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ወጣ። ስማቸው፣ መሥሪያ ቤታቸው፣ ሰፈራቸው ሳይቀር ወጣ። ትግራዋይ ስለሆኑ ያልሠሩት ሁሉ ተለጠፈባቸው። ልጃቸው አይቶ ደነገጠ፤ ሪፖርት አደረገ። ጥቅምት 24 ፕሮፌሰሩ ደጃፋቸው ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው እንደሚለው፣ ጽሑፉ ደንብ ጥሷል የሚለው መልስ የመጣው ከግድያው 8 ቀን በኋላ ነው። ሰልስት እንኳ ካለፈ በኋላ!

ሪፖርት አድርጉ ማለት ይሄ ነው። አደጋው ያንዣበበበት ሰው ራሱ ዘብ ይቁም ማለት ነው።

ደግሞስ ቀላሉን ከከባዱ የሚለየው ማን ነው? «ጁንታ» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ብትፈልጉት ስድብ እንኳ አይደለም። በትግራይ ጦርነት ወቅት ግን ከሰው ስምና ከሰፈር ጋር ሲጻፍ ምን ማለት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። አማርኛ የማያውቅ ማሽን ይህን ከየት ያመጣዋል? ማሽኑ የሚያውቀው ኮሜንት መቁጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በተደረገው ለውጥ ብዙ ኮሜንት የሚያስነሳ ጽሑፍ ወደ ላይ እንዲወጣ ተደረገ። ከቁጣ የበለጠ ኮሜንት የሚጠራ ምን አለ? እሳቱን የሚያራግቡት እነሱ፣ ውኃ አምጡ የሚባለው እኛ።

ይህ ሁሉ ገና ሲስተሙ ሲነደፍ መጠየቅ ነበረበት። የሰው ፎቶና አድራሻ የያዘ ውንጀላ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው እስኪያየው ድረስ ለምን አይዘገይም? አንድ ቀን ቢዘገይ ማን ይጎዳል? ለማስታወቂያ ማንን ምን እንደሚማርከው አጥንተው የጨረሱ ኢንጂነሮች ይህ አቃታቸው ብትሉኝ አላምንም። አልፈለጉም።

በስህተት የሚነሳ ጽሑፍ አለ፤ እውነት ነው። የተነሳ ጽሑፍ ግን ተመልሶ ይለጠፋል።

የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ በኬንያ ፍርድ ቤት አልዳኝም ብሎ ተከራክሮ ነበር። መጋቢት 2017 ላይ የናይሮቢው ፍርድ ቤት የፕሮፌሰሩ ልጅና ሌሎች ያቀረቡትን ክስ የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። እዚያ ችሎት ላይ አንድ ጥያቄ እንዲነሳ እፈልጋለሁ። በዚያ ጥቅምት አማርኛ የሚያነቡ ስንት ሰዎች አስቀምጣችሁ ነበር? በቁጥር ይመልሱ።